ስሙ የሚነበብ ፎቶ፦ የጣና ዳር የኮረብታ መቃብሮችን እንዴት እናንሳ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ካሜራ በገዛሁ ሰሞን አክስቴ «እስቲ የአባባን መቃብር ፎቶ አንስተህ አምጣልኝ፣ እኔን ጉልበቴ ዳገቱን አልወጣ አለኝ» አለችኝ፣ ደብሩ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው፣ እኔ ደሞ ያኔ ፎቶ ማለት የማታ ፀሐይ ብቻ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር፣ እና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ሐይቁ ወርቅ ሲመስል፣ ከፊት መቃብሩ ከኋላ ውሃው፣ አንዲት ታንኳ ሳትቀር ገብታልኝ አነሳሁትና ደስ ብሎኝ ወረድኩ። አክስቴ ስልኩን አቅርባ አርቃ አየችውና «ያምራል ልጄ፣ ግን አባባ የቱ ነው?» አለች። ስሙ አይነበብማ! ጥቁር ድንጋይ ብቻ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ተውኩት፣ ከዛ ደብሩ አጥር ሲያሰፋ የድሮዎቹ መቃብሮች ተነሱ፣ ድንጋዩ የት እንደገባ የሚያውቅም ጠፋ፣ አሁን በእጃችን ያለው ያቺ ያማረች ስም የሌላት ፎቶ ናት።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተል በዛ ጥፋት የተቃኘ ነው። መጀመሪያ ስሙ ይነበብ፣ ከዛ ሐይቁም ፀሐዩም ይደረስበታል።

1. መጀመሪያ ቀን ካሜራውን ቤት ተዉት

ቀልዴን አይደለም። ባህር ዳር ዙሪያ ያሉ ደብሮች ግቢ ውስጥ ካሜራ አንጠልጥሎ የገባ ሰው ወይ ቱሪስት ነው ወይ የሆነ ነገር ፈላጊ ነው፣ ሁለቱም ሲታዩ ሰው ፊቱን ያዞራል። ባዶ እጃችሁን ሂዱ፣ ነጠላችሁን አጣፉ፣ ተሳለሙ፣ ካህን ካገኛችሁ «አባ ይባርኩኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ከዛ እዚህ የተቀበረ ዘመድ እንዳላችሁ ወይም የድሮ መቃብሮች ጽሑፍ ሳይጠፋ ፎቶ ማንሳት እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። ፈቃጁ ብዙ ጊዜ የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤው ነው፣ ትንንሽ ቦታ ላይ ቄሰ ገበዙ ይበቃል፣ ግን ማንም ይፍቀድ ማን ዘበኛውን ሳታናግሩ አትለፉ፣ ምክንያቱም አስተዳዳሪው የፈቀደላችሁን ዘበኛው ካልሰማ ከመቃብር መሀል በዱላ የሚያስወጣችሁ እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ደብሮች ደብዳቤ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ አትከራከሩ፣ አምጡ።

ከሁሉም በላይ ደሞ ከመቃብሩ ዳር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩትን እማሆዮች ጠይቁ። የቱ ድንጋይ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤተሰብ ተዝካር ሲያወጣ የት ጋ እንደቆመ፣ የቱ መቃብር ከሥሩ ባዶ ሆኖ እግር እንደሚያስገባ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እኔ አንዴ ሙሉ ሳምንት የፈለግኩትን የሌላ ዘመዳችንን ድንጋይ አንዲት እማሆይ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በመቋሚያቸው ጠቆም አድርገው አሳይተውኛል።

ከሐይቁ ዳር ባለው ዘጌ ላይ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት እንግዳ የለመዱ ናቸው፣ መግቢያ ከፍላችሁ ትገባላችሁ፣ ግን ያ ትኬት ለሥዕሎቹ ነው እንጂ ለመቃብሩ ስላልሆነ ለብቻው ጠይቁ። እህቶቼ ደሞ ይሄን ቀድማችሁ እወቁ፣ የሐይቁ ደሴት ገዳማት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፣ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ግን የሴቶች ገዳም ነው። ዳጋ የሄደ ወንድም ካለ የነ አፄ ይኩኖ አምላክ፣ የነ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የነ አፄ ፋሲል አፅም እዛ ነው የሚጠበቀው፣ አባቶች ካሳዩ ማየት ነው፣ ካሜራ ግን ራሳቸው አንሳ ካላሉ አይወጣም። ለነገሩ የነገሥታቱ ስም የትም አይሄድም፣ እኔን የሚያሳስበኝ ኮረብታው ላይ ያለው የገበሬውና የባልቴቷ ስም ነው።

የሙስሊም መቃብር ከሆነ ከመስጊዱ ኮሚቴ ወይም ከቤተሰቡ ፈቃድ ውሰዱ፣ ብዙው ድንጋይ ስም የሌለው ቀላል ምልክት ነው፣ መቃብር ላይ መቀመጥና መርገጥ በጣም ነውር ነው፣ በዳር በዳሩ ሂዱ። (ክርስቲያኑም ጋ ነውር ነው፣ ግን እኛ ጋ ልጆች ሲዘሉበት አይታችሁ እንዳትላመዱ።)

ሌላው በአጭሩ፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን የዛኑ ቀን ጠዋት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ፍተሻ ላይ ካሜራውን ራሳችሁ አውጥታችሁ አሳዩ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስቡት። ቀብር እየተፈጸመ ከሆነ ደሞ ካሜራችሁን ከታችሁ ከሰዉ ጋር ቁሙ።

2. ወሩንና ቀኑን መምረጥ

ክረምት ላይ ደመናው ጥሩ ነው ግን ጭቃው አያስወጣም፣ ሳሩም ድንጋዩን ይውጠዋል። መስከረምና ጥቅምት ለዓይን የሚያምረው ጊዜ ነው፣ አደይ አበባው መቃብሮቹ መሀል ቢጫ ሆኖ ይበቅላል፣ አየሩ ታጥቦ ሐይቁ ማዶ ድረስ ጥርት ይላል፣ ግን ጽሑፉ ያለበት የታችኛው ግማሽ ሳር ውስጥ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ሳሩ ደርቆ ይሳሳል፣ ስሙ ይወጣል፣ ብሩህ ሰማይ ግን የለም፣ አቧራና ጭጋግ ነው። እኔ ሁለቴ ነው የምሄደው፣ በጥቅምት ለመልኩ በየካቲት ለስሙ።

ቀኑን ስትመርጡ የደብሩን ወርኃዊ በዓል ተዉት፣ በ21 ማርያም ቤት፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ ሰው ሞልቶ መቃብሩ ሁሉ መቀመጫ ይሆናል። ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ጾም ነው፣ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ታች እንደምታዩት ደሞ እኩለ ቀን ለእኛ ወሳኝ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ጾም ያልሆነ ሰኞ ማክሰኞ ሐሙስ ምረጡ። በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት በጊዜ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል፣ ካሜራ ይዞ መርጠብ አለ።

3. ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። ደህና ስልክ ይበቃል፣ ካሜራ ካላችሁ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለድንጋዩ፣ አንድ ረዘም ያለ ሌንስ ለኮረብታው። ከዚህ ሌላ የምይዘው የሚገርም አይደለም፦ የግድግዳ መስታወት ቁራጭ (የመጽሐፍ ገጽ እጥፍ የሚያክል፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ)፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ነጠላ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ንጹሕ ውሃ በላስቲክ፣ ደብተርና እርሳስ። ስልካችሁ ላይ ያለው ኮምፓስም እንዳይረሳ። ጫማ ሽፍን ይሁን፣ እባብም እሾህም የተናደ መቃብርም አለ፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ንብ የሰፈረበትም አይቻለሁ፣ ድምፅ ከሰማችሁ ዞር በሉ።

4. ብርሃኑ (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

የተቀረጸ ፊደል የሚነበበው በጥላው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ጥላ ከገባ ፊደሉ ይታያል፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት ከመታው ጉድጓዱም ይሞላና ሁሉም አንድ ቀለም ይሆናል። እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው፣ የማታዋ ፀሐይ ከኋላው ነበረች፣ ፊቱ ጨለማ ነው፣ ዞሬ ሄጄ ጠዋት ብመጣ ደሞ ፊት ለፊት ትመታውና ድልዝ ያደርገው ነበር። የሚፈለገው ብርሃን ድንጋዩን ታኮ፣ ፊቱን ላስ አድርጎ የሚያልፍ ነው፣ ልክ ግድግዳ ላይ ያለ እብጠት በጎን ባትሪ ስታበሩበት እንደሚታየው።

አሁን ሰዓቱን እናስላ። በእኛ ሥርዓት ሟች ራሱ ወደ ምዕራብ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው የሚቀበረው፣ ፊቱ ምሥራቅን እንዲያይ፣ ስለዚህ ራስጌ የቆመ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የተጻፈበት ፊት ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ነው፣ ተዳፋት ላይ ግን ግንበኛው ወደተመቸው ያዞረውም ስላለ በኮምፓስ አረጋግጡ። ባህር ዳር ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ፦

የቆመ ድንጋይ ሆኖ ጽሑፉ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ከሩብ ጠብቁ፣ ብርሃኑ ከላይ ቁልቁል ድንጋዩን እየላሰ ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ6 ከ45 እስከ 7 ሰዓት ተኩል። አዎ፣ ፎቶ አንሺ ሁሉ «በዚህ ሰዓት ካሜራ አይወጣም» የሚላት ሰዓት ናት! ለሰው ፊት አዎ መጥፎ ናት፣ ለቆመ ድንጋይ ግን ከሷ የተሻለ የለም። በተለይ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እኛ ጋ በትክክል አናት ላይ ናት፣ የነሐሴው በደመና ይባክናል፣ የሚያዝያውን ግን ከጾምና ከበዓል ጋር ካልተጋጨ አታሳልፉት።

መሬት ላይ የተኛ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሊሾ ሲሚንቶ ከሆነ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ለሱ የጠዋቷ ወይም የማታዋ ዝቅ ያለች ፀሐይ ትሆናለች፣ ፀሐይ ወጥታ ግማሽ ሰዓት ሲሆናት ጀምሮ አንድ ሰዓት ያህል አላችሁ። ስለዚህ የቀኑ ፕሮግራም ራሱ ይወጣል፣ ጠዋት የተኙትን፣ እኩለ ቀን የቆሙትን፣ ማታ ኮረብታውን ከነሐይቁ።

ዋንዛና ወይራ ሥር ያለ መቃብር ቅጠሉ ነጠብጣብ ብርሃን ስለሚጥልበት ያስቸግራል፣ ፊደሉና ነጠብጣቡ ይቀላቀላሉ። ነጠላውን ሁለት ሰው ወጥሮ በፀሐዩና በድንጋዩ መሀል ቢይዝ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ከዛ መስታወቷን አንድ ሰው ፀሐይ ያለበት ቦታ ቆሞ ብርሃኑን ከጎን ወደ ድንጋዩ ይላክ፣ አንግሉን ቀስ እያለ ሲቀይር በሆነች ቅጽበት ፊደሎቹ ብድግ ይላሉ፣ እዛ ጋ «ያዝ!» በሉት። የቆሎ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የሚያህላቸው የለም፣ አንዴ ካሳያችኋቸው መስታወቱን አይመልሱላችሁም። መስታወት ከሌለ ማታ ሲመሻሽ የስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት።

አዲሶቹ በተወለወለ ግራናይትና እብነ በረድ የተሠሩት ደሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፣ ሰማዩን፣ እናንተን፣ ነጩን ነጠላችሁን ሁሉ እንደ መስታወት ያሳያሉ። ትንሽ ወደ ጎን ቁሙ፣ ጥቁሩን ጃንጥላ ከራሳችሁ በላይ ዘርጉ። ሴራሚክ ላይ የታተመ የሟች ፎቶም በዚሁ ነው የሚነሳው።

5. አነሳሱ ራሱ

ለአንድ መቃብር ሦስት ፎቶ፦ አንዱ ከጎረቤቶቹ ጋር የት እንዳለ የሚያሳይ፣ አንዱ ሙሉ ድንጋዩ፣ አንዱ ጽሑፉ ብቻ። የመጀመሪያውን አትዝለሉ፣ ድንጋዩ ነገ ቢነሳ ቦታውን የምታገኙት በዛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ትልቅ ዛፍ ይግባበት።

ጽሑፉን ስታነሱ ስልኩ ከድንጋዩ ፊት ጋር ትይዩ ይሁን፣ ድንጋዩ ያዘመመ ከሆነ ስልኩንም አዝምሙት። በሰፊው ሌንስ አትጠጉ፣ ፊደሉን ያጣምመዋል፣ ወደኋላ ብላችሁ ዙሙን 1x ወይም 2x ላይ አድርጋችሁ አንሱ። እኛ አገር ድንጋዩ ጥቁር ባዛልት ነው፣ ካሜራ ጥቁር ሲያይ ጨለማ መስሎት ያበራዋልና አመድ ያስመስለዋል፣ ስለዚህ ስክሪኑን ነክታችሁ ይዛችሁ ቆልፉና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። በነጭ ኖራ የተቀባው ላይ ተቃራኒውን አድርጉ። ካሜራ ላላችሁ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ ከ100 እስከ 400፣ የሰከንድ 125ኛ፣ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ብትይዙት ይመረጣል። ካነሳችሁ በኋላ እዛው ቆማችሁ አጉልታችሁ አንብቡት፣ ቤት ሄጄ አየዋለሁ ያለ ሰው ዳገቱን ድጋሚ ይወጣል።

ኮረብታውን ስታነሱ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ ዓይናችሁ ተዳፋቱን ይለምድና ካሜራውን ሳታውቁት ታዘማላችሁ፣ ከዛ ፎቶው ላይ ጣና ወደ ጎን ሊፈስ የተዘጋጀ ይመስላል። የውሃውን መስመር አስተካክሉ፣ መቃብሩ ይዝመም፣ መዝመሙ እውነት ነው። ከላይ ቁልቁል ካነሳችሁ ሐይቁ ይገባል ግን ድንጋዮቹ መሬት ላይ ይጣበቃሉ፣ ከታች ሽቅብ ካነሳችሁ ድንጋዮቹ ሰማይ ላይ ይቆማሉ፣ ሐይቁ የለም። ሁለቱንም በአንድ የሚሰጣችሁ ከዳር ሆኖ በረጅም ሌንስ ተዳፋቱን በጎን ማየት ነው፣ ያኔ መቃብሮቹ ደረጃ በደረጃ ይደራረባሉ። ከሐይቁ በኩል ማንሳት ካማራችሁ ጀልባ ላይ ሆናችሁ አንሱ እንጂ ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ የሚወጣበት ጋ ደሞ ጉማሬ አለ።

6. ድንጋዩን አትንኩት፣ ከነካችሁም በውሃ ብቻ

የድንጋይ ሽበት (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው ቅርፊት መሳይ ነገር) የሸፈነው ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ እጃችሁ ቢላዋ ይፈልጋል፣ አውቃለሁ። ተዉት። ሽበቱ ድንጋዩን ይዞ ነው የሚነሳው፣ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። የብረት ብሩሽ፣ በረኪና፣ የልብስ ሳሙና፣ ፊደሉ ውስጥ ጠመኔ ወይም ዱቄት መሙላት፣ ሁሉም ይቅር። ፈቃድ ካላችሁ ብናኙን በለስላሳው ብሩሽ ጥረጉ፣ ንጹሕ ውሃ ርጩበት፣ ከላይ ያለው ሲደርቅ ጉድጓዱ ውስጥ እርጥበቱ ትንሽ ይቆያል፣ በዛች ደቂቃ ፊደሉ ጠቆር ብሎ ይታያል። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ከሆነ ውሃውንም ተዉት። ሳሩን አትንቀሉ፣ በእጅ ገፋ አድርጋችሁ በድንጋይ ያዙት፣ ስትጨርሱ ልቀቁት።

7. ማንበብ

የድሮዎቹ ቁጥሩን በግዕዝ ነው የሚጽፉት፣ ፲፱፻፷፯ ካለ 1967 ነው፣ ፮ እና ፯ ሲያረጁ በጣም ይመሳሰላሉ፣ በተለያየ የብርሃን አንግል ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱት። ከስሙ በፊት ያለውን ማዕረግ አትዝለሉ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ አለቃ፣ መሪጌታ፣ ለቤተሰብ ፍለጋ ከስሙ ያልተናነሰ ይጠቅማል።

ደስ የሚለኝ ግን ይሄ ነው፦ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ተበልቶ ወንጌላዊው ከተረፈ ዓመቱን ማጥበብ ይቻላል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ለምሳሌ ፲፱፻፵ ብሎ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጠፍቶ «ዘመነ ሉቃስ» የሚል ካለ 1943 ወይም 1947 ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጳጉሜ 6 አረፉ የሚል ካገኛችሁም ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ያለ ጽሑፍ ታውቃላችሁ፣ 6ኛዋ ቀን የምትመጣው በሉቃስ መጨረሻ ነውና። ባሕረ ሐሳብ (የዘመን ቀመሩን) የሚያውቅ መሪጌታ ካጠገባችሁ ካለ ደሞ የሳምንቱን ቀን ከድንጋዩ ላይ አንብባችሁ ንገሩት፣ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል።

የማይነበበውን አትገምቱ፣ ደብተራችሁ ላይ ክፍት ቦታ ተዉለት። እዛው ቆማችሁ ድምፃችሁን ቅዱ፣ «ከቤተልሔሙ በስተጀርባ፣ ከዋንዛው ሦስተኛ፣ ስም እገሌ» እያላችሁ፣ ማታ ላይ 80 ጥቁር ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

8. ማስቀመጥና መመለስ

ፋይሉን በደብሩ ስም፣ በቀኑና በተራ ቁጥሩ ሰይሙት፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከስልኩ ውጭ ይሁን። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩ፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰውና ያ ሁሉ የመስታወት ልፋት ገደል ይገባል። በቅርብ የተቀበረ ሰው መቃብር፣ በተለይ የወጣት፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ የትም አትለጥፉ።

ከዛ አሳትማችሁ ተመለሱ። አንድ ኮፒ ለሰበካ ጉባኤው፣ አንድ መንገድ ላሳያችሁ ሰው። ያቺ በመቋሚያ የጠቆሙኝ እማሆይ ፎቶውን ስሰጣቸው ፊቱን ትንሽ አይተው ገለበጡትና «ከጀርባው ክርስትና ስሙን ጻፍልኝ፣ ይሄኛውማ ለጸሎት አይሆነኝም» አሉኝ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው የዓለም ስሙ ብቻ ነበር፣ ለአክስቴ ደወልኩና ጠይቄ ጻፍኩላቸው። ስለዚህ ክርስትና ስሙን ከቤተሰብ ቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በማርከር የምትጽፉ ከሆነም ሳይደርቅ አታነባብሩት፣ የሥረኛውን ፎቶ ፊት ያበላሸዋል።